የድባቴ መድኃኒትና ልኩ

ኅዘን ለሰው ልጅ እንግዳ አይደለም፤ ዘመድ ሲሞት፣ ሀብት ሲጠፋ፣ የታሰበው ሳይሳካ ሲቀር ልብ ያዝናል፤ ጊዜም ሲያልፍ ይጽናናል። ድባቴ የሚባለው ደዌ ግን ለሁለት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ሳያቋርጥ እንቅልፍን እየነሣ፣ የምግብን ጣዕም እያጠፋ፣ ሰውን ከሥራውና ከወዳጆቹ እየለየ፣ በመጨረሻም ሕሙሙን «መኖሬ ለምን ይበጃል?» እስከ ማለት የሚያደርስ ስለ ሆነ፣ እንደ ማናቸውም ደዌ ሐኪም የሚሻ መሆኑን ማወቅ ይገባል።

ለዚህ ደዌ ከተገኙት መድኃኒቶች ቀደምት የሆኑት፣ የቅመማቸው አቋም ሦስት የተያያዙ ቀለበቶች ያሉት ናቸው። በኵራቸው ኢሚፕራሚን ጋይጊ በተባለው የስዊስ ኩባንያ ከተቀመመ በኋላ፣ ሐኪሙ ሮላንድ ኩን በሙንስተርሊንገን ሆስፒታል ስኪዞፍሬንያ በሚባለው የአእምሮ ደዌ ለተያዙ ሕሙማን ሰጥተው ያሰቡትን ጥቅም ቢያጡበትም፣ በድባቴ የተያዙትን ግን ሲያበረታ ስላዩ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ግኝታቸውን አሳትመው አስታወቁ። በአገራችን የታወቀው አሚትሪፕቲሊን የዚሁ ወገን ሲሆን፣ ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን የሚባሉት የአንጎል መልእክተኞች ቶሎ ተሰብስበው እንዳይጠፉ ይከላከላል።

ሐኪም ይህን መድኃኒት ሲያዝ፣ ብዙውን ጊዜ ማታ በመኝታ ሰዓት በ25 ሚሊግራም አስጀምሮ፣ በየሳምንቱ እየጨመረ፣ ጎልማሳውን በቀን ከ100 እስከ 150 ሚሊግራም ያደርሰዋል፤ ለአረጋውያን ግን ልኩ ከዚህ ያነሰ ነው። ሕሙሙ ከሁሉ አስቀድሞ ሊረዳው የሚገባው፣ የመድኃኒቱ ሕማም ከፈውሱ ቀድሞ የሚሰማ መሆኑን ነው፤ የአፍ መድረቅ፣ የሆድ ድርቀት፣ የዓይን ብዥታና የቀን እንቅልፍ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲመጡ፣ የመንፈስ መታደስ ግን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይዘገያል። ስለዚህ ብዙ ሰው መድኃኒቱ ሊጠቅመው በተቃረበበት ሰዓት «አልጠቀመኝም» ብሎ ይተወዋል። ይህን ያወቀ ግን ይታገሣል፤ አፉን ውኃ እየተጎነጨ ያርሳል፤ አትክልትና ጥራጥሬ ያዘወትራል፤ ጠዋትም ሲነሣ የደም ግፊቱ በድንገት ወርዶ እንዳይጥለው፣ እግሩን ወደ መሬት አውርዶ በአልጋው ጫፍ ጥቂት ከተቀመጠ በኋላ ቀስ ብሎ ይቆማል። ጠጅ፣ አረቄና ሌላም የሚያሰክር መጠጥ ድንዛዜውን ስለሚያብሱ ከእነርሱ ይርቃል።

በቅርቡ የልብ ድካም ወይም የልብ ምት መዛባት ያገኘው፣ ግላኮማ፣ የፕሮስቴት እብጠት ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ቀድሞ ከልክ ያለፈ ደስታና መቁነጥነጥ ታይቶበት የሚያውቅ፣ ያረገዘችም ሴት፣ ይህን ሁሉ ሳይደብቁ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ እንደ ሕመም ማስታገሻው ትራማዶል ያለ ሌላ መድኃኒት የሚወስድም እንዲሁ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የልኩ ነገር ነው። በልክ ሲወሰድ የሚፈውሰው ይኸው እንክብል፣ ከልክ ሲያልፍ የልብን ምት አዛብቶ ይገድላል፤ ድባቴም ራስን የማጥፋት ሐሳብ የሚያመጣ ደዌ ስለ ሆነ፣ ሕሙሙ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቻውን እንዳይሆን፣ መድኃኒቱም በአንድ ጊዜ ብዙ እንዳይሰጠውና ከቤተሰቡ የታመነ ሰው ቆልፎ እንዲጠብቀው ያስፈልጋል። ሕፃናትም ሊደርሱበት አይገባም። ከልክ በላይ የወሰደ ሰው፣ ደኅና መስሎ ቢታይ እንኳ፣ ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

ጸበል የሚጠመቅ ምእመን መድኃኒቱን ማቋረጥ አያስፈልገውም፤ ጸሎትና ሕክምና አይጣሉምና። የሚጾምም ሰው በመኝታ ሰዓት ስለሚወስደው ጾሙ አይታጎልበትም። የተሻለውም ቢሆን፣ ደዌው ተመልሶ እንዳይመጣ ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ ሁለት ወር በመድኃኒቱ ይቆያል፤ የሚያቆመውም በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ እየቀነሰ ነው፤ በድንገት መተው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የእንቅልፍ እጦት ያስከትላልና።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ በድባቴ የተያዘ ሰው ቢኖር «ሰነፍ ነው» ብለህ አትፍረድበት፤ ወደ ሐኪም ውሰደው፣ እንክብሉን ጠብቅለት፣ እስኪሻለውም ድረስ አብረኸው ታገሥ።