ክብደት ገና ሳይቀንስ ስኳሩ ለምን ይወርዳል?

በስኳር በሽታ ሕክምና ታሪክ ውስጥ የቶሮንቶ ከተማ ስም ቀድሞ ይነሣል። ፍሬደሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ኢንሱሊንን ለማግኘት ያበቃቸውን ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1921 ያካሄዱት በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ጥር ወር ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ታዳጊ በቶሮንቶ ጄኔራል ሆስፒታል የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋ። ያ መድኃኒት በሚገባ ያልተጣራ በመሆኑ ውጤቱ አላረካም፤ ጄምስ ኮሊፕ አጣርቶ ያዘጋጀው ከ12 ቀናት በኋላ ሲሰጠው ግን የልጁ ስኳር ወረደ። ከዚያ ወዲህ ለረጅም ጊዜ የሐኪሞች ዓይን ያረፈው ኢንሱሊን በሚያመነጨው በቆሽት ላይ ነበር። ዛሬ በዚያው ከተማ፣ በቶሮንቶ ዌስተርን ሆስፒታልና በሌሎችም ለክብደት ቅነሳ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ትኩረቱን ወደ አንጀት መልሶታል።

ነገሩ መጀመሪያ የታየው ሳይታሰብ ነው። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ዋልተር ፖሪስና ባልደረቦቹ እጅግ ወፍራም ለሆኑ ሕሙማን ጨጓራን የማሳነስ ቀዶ ሕክምና ሲሠሩ፣ የስኳር በሽታ የነበረባቸው ሰዎች የደም ስኳር በቀናት ውስጥ ወደ ጤናማው መጠን ሲመለስ ተመለከቱ። እ.ኤ.አ. በ1995 ያሳተሙት ጥናት ርዕስ «ማን አስቦት ያውቃል?» ብሎ የሚጀምር ነው፤ በሕክምና መጽሔት ላይ እንዲህ ዓይነት ግርምት ብዙ ጊዜ አይነበብም። የሚያስገርመው ፍጥነቱ ነበር። በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚቀንሰው ክብደት ይህን ያህል ለውጥ ሊያመጣ አይችልም።

በስፋት ከሚታወቁት የቀዶ ሕክምና ዓይነቶች አንዱ የጨጓራውን የላይኛ ጫፍ ለይቶ እንቁላል የምታህል ከረጢት ያደርገዋል። ትንሹ አንጀት ዝቅ ብሎ ተቆርጦ ከዚህች ከረጢት ጋር ይጋጠማል። ምግቡ አብዛኛውን ጨጓራና የትንሹን አንጀት የመጀመሪያ ክፍል ሳይነካ ያልፋል። ሌላው ዓይነት አንጀቱን ሳይነካ ከጨጓራው አብዛኛውን ቆርጦ በማውጣት ቀጭን ቱቦ መሰል ክፍል ብቻ ያስቀራል።

ስኳሩ ፈጥኖ የሚወርድበት አንዱ ምክንያት ቀላል ነው፤ ሰውዬው በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚበላው እጅግ ጥቂት ነው። ጉበት ያጠራቀመው ስብ ይቀንስና ወደ ደም የሚለቀው ስኳርም ያንሳል። ይህ በጥብቅ የአመጋገብ ቁጥጥርም ሊገኝ ይችላል። ሁለተኛው ምክንያት ግን በአንጀት ውስጥ ያለ መልእክተኛ ነው። ምግብ ወደ ታችኛው የአንጀት ክፍል ፈጥኖ ሲደርስ፣ በዚያ ያሉ ሕዋሳት ጂ.ኤል.ፒ. 1 የተባለውን ሆርሞን ከወትሮው በብዙ እጥፍ ያመነጫሉ። ሆርሞኑ ስኳር ከፍ ባለ ጊዜ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲለቅ ያዛል፣ የምግብ ፍላጎትንም ይገታል። ይህን ሆርሞን ካጠኑት ግንባር ቀደም ሳይንቲስቶች አንዱ በቶሮንቶ ማውንት ሳይናይ ሆስፒታል የሚሠሩት ዳንኤል ድራከር ናቸው፤ ኦዘምፒክን የመሰሉት መርፌዎች የሚሠሩትም ይህንኑ ሆርሞን በመምሰል ነው። በመሐንዲስ ዓይን ካየነው ቀዶ ሕክምናው ቧንቧውን ብቻ ሳይሆን የመቆጣጠሪያ ምልክቱንም ቀይሯል ማለት ይቻላል። ይሁንና ሆርሞኑ ብቻውን ሁሉን አያስረዳም፤ የሆርሞኑ መቀበያ የሌላቸው አይጦችም ከቀዶ ሕክምናው ተጠቃሚ ሆነው ታይተዋል።

ውጤቱ እስከ መቼ ይዘልቃል? በአሜሪካ ክሊቭላንድ ክሊኒክ 150 ሰዎች የተካፈሉበት ጥናት የአምስት ዓመት ውጤት እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። የሦስት ወሩ አማካይ የስኳር ልኬት፣ ማለትም ኤዋንሲ፣ 6 በመቶ ወይም ከዚያ በታች የሆነላቸው አንጀታቸው ከተቀጠለው 29 በመቶ፣ ጨጓራቸው ብቻ ከተቆረጠው 23 በመቶ፣ በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት ደግሞ 5 በመቶ ነበሩ። በስዊድን የተካሄደው ረጅም ክትትል በበኩሉ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በሽታው ጋብ ያለላቸው 72 በመቶ እንደነበሩና በ15 ዓመት ወደ 30 በመቶ እንደወረዱ ያሳያል። ሐኪሞች «ተፈወሰ» ከማለት «ጋብ አለ» ማለትን የሚመርጡት ለዚህ ነው፤ ጋብ ያለ ዝናብ ተመልሶ ይመጣል። ሆኖም በዚሁ ጥናት በዓይን፣ በኩላሊትና በነርቭ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ቀዶ ሕክምና ባገኙት ዘንድ በግማሽ ያህል አንሷል። የተሻለ የሚጠቀሙት በሽታው ከጀመራቸው ብዙ ዓመት ያልሆናቸው ናቸው፤ ኢንሱሊን አመንጪ ሕዋሳት ከሞቱ አንጀት የሚልከውን ትእዛዝ የሚፈጽም አይኖርም።

ይህ ሁሉ የሚመለከተው ሁለተኛውን የስኳር ዓይነት ነው። ቶምሰን እንደነበረበት ያለ የመጀመሪያው ዓይነት ያለበት ሰው ምንም ቀዶ ሕክምና ቢደረግለት ኢንሱሊን ካቆመ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። በቶሮንቶ ያለ ኢትዮጵያዊ ለአገር ቤት ዘመዱ በስልክ «እኔን አድኖኛል» ሲል ይህ ልዩነት መነገር አለበት። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የጎንደር ሐኪሞች ጥናት እንዳሳየው፣ በገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ሕሙማን አብዛኞቹ ቀጫጭንና ድሆች ናቸው። የእነርሱ ችግር ሌላ ነው።

በኦንታሪዮ ቀዶ ሕክምናው መስፈርቱን ለሚያሟላ ሰው በመንግሥት የጤና መድን፣ በኦሂፕ፣ ይሸፈናል፤ መንገዱም በቤተሰብ ሐኪም በኩል ይጀምራል። የስኳር በሽታ ላለበት ሰው የተለመደው መነሻ የክብደትና የቁመት ምጣኔ 35 ነው፤ ቁመቱ 1.70 ሜትር ለሆነ ሰው 101 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ከዚያ የሥነ ምግብ፣ የሥነ ልቦናና የነርስ ምርመራዎች ይከተላሉ።

ለሐበሻ ታካሚ ከሥነ ምግብ ባለሙያው ጋር በግልጽ መነጋገር ያለበት ጉዳይ ጾም ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በቀን 60 ግራም ያህል ፕሮቲን እንቁላል በምታህል ጨጓራ ማግኘት ያስፈልጋል፤ እንጀራው ቦታውን ከያዘው ለሽሮውና ለምስሩ የሚቀር ስፍራ የለም። ቫይታሚን ቢ 12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው፤ አንጀቱ የተቀጠለ ሰው ደግሞ ይህንኑ በምግብ ብቻ በቂ አድርጎ አይወስድም። በዓመት ከ180 ቀናት ያላነሰ የሚጾም ሰው ስለዚህ እንክብሉን ወይም መርፌውን ዕድሜ ልኩን ሊያቋርጥ አይገባውም፤ በተለይ የመጀመሪያዎቹን ወራት በተመለከተ የነፍስ አባቱን ማማከሩ የተለመደ ነው። ጣፋጭ ሻይና ለስላሳ መጠጥ ላብና የልብ ምት መፍጠን ያስከትላሉ። ከሁሉ በፊት ግን ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ አዲሱን መጠን በጽሑፍ ይዞ መውጣት አለበት፤ የቀድሞውን መጠን በቤቱ ቢወጋ ስኳሩ በድንገት ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል።