ለአባዬ መኪና ስንፈልግ፦ ቤንዚን፣ ዳገትና ሊብሬ



ኢንጂነሪንግ የሚማር ልጅ ያለው ቤተሰብ መኪና ሊገዛ ሲያስብ ለማን እንደሚደወል ታውቃላችሁ። «አንተ መካኒካል ነህ አይደል? የቱ ይሻላል?» ይባላል። ቴርሞዳይናሚክስ እንጂ መኪና መግዛት አላስተማሩንም ብትሉ የሚሰማችሁ የለም። ባለፈው ክረምት ተራው የኔ ሆነ። ታላቅ እህቴ ሪያድ ሰው ቤት ሠርታ በሰባት ዓመት ያጠራቀመችውን ለአባዬ መኪና ይሁን ብላ ላከች። አባዬ ኮምቦልቻ ላይ ሱቅ አለው፤ ጉልበቱን ያመዋል፤ ለዕቃና ለሕክምና በሳምንት ሦስት ጊዜ ደሴ ይወጣል። መናኸሪያ ላይ መጋፋቱን ከእንግዲህ አልቻለውም። ብሩ ቢበላሽ ሌላ ሰባት ዓመት የሚሠራ ሰው የለንም። ስለዚህ የተማርኩትን ሁሉ ይዤ ገባሁበት፤ ለእናንተም ነገ ስለሚደርስ ያገኘሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ገበያው ለምን እንደዚህ እንደተወደደ ማወቅ ይጠቅማል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ስለዚህ ዛሬ የምንገዛት የቤንዚን መኪና ቀድሞ አገር ውስጥ የነበረች፣ ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ስትዞር የቆየች ናት። «አዲስ ናት፣ አልተነካችም» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ ይህን አስታውሱ።

ነዳጅ ቆጣቢነት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እኔም ተሳስቻለሁ። አባዬ በወር 800 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳል። አንዷ መኪና በሊትር 12 ኪሎ ሜትር፣ ሌላዋ 16 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች እንበል። የመጀመሪያዋ 67 ሊትር፣ ሁለተኛዋ 50 ሊትር ትፈልጋለች። ልዩነቱ 17 ሊትር ነው። ሊትሩን 120 ብር ብትይዙት (ዋጋው ሲቀየር ቁጥሩን ቀይራችሁ አስሉ) በወር 2,000 ብር፣ በዓመት 24,000 ብር ይሆናል። ቆጣቢዋ በ300,000 ብር ከበለጠች ልዩነቱን ለመመለስ ከ12 ዓመት በላይ ይፈጃል። በቀን 200 ኪሎ ሜትር ለሚሠራ የታክሲ ሹፌር ሒሳቡ ሌላ ነው። ለአባቶቻችን ግን ከቆጣቢነት በፊት አለመበላሸት ይቀድማል፤ አንድ ካምቢዮ ከተበላሸ የብዙ ዓመት የቤንዚን ቁጠባ ይዞ ይሄዳል።

ሁለተኛው ስሕተቴ ሞተሩ ላይ ነበር። «ትንሽ ሞተር ትንሽ ይጠጣል» ብዬ ባለ 1.0 ሊትር ቪትዝ ላይ ሙጭጭ አልኩ። አባዬ «ዳገቱን ሞክራት» አለኝ። ከኮምቦልቻ ደሴ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን 650 ሜትር ገደማ ሽቅብ ይወጣል። አራት ሆነን ገባን። ወላሂ፣ መኪናዋ በሁለተኛ ማርሽ እየጮኸች አይሱዙ ሲቀድመን አየሁ።

ምክንያቱን ወረቀት ላይ ሳስቀምጠው ቀላል ነው። ደሴ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ በአምስት አንድ ያህል ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም በዚያው ልክ ጉልበት ያጣል። በወረቀት 70 ገደማ የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር 55 ብቻ ይቀረዋል። ባለ 1.3 ሊትሩ 87 ገደማ ስለሆነ ደሴ ላይም 68 ይተርፈዋል። ደግሞም መኪናዋንና ሰዎቹን፣ በጠቅላላው 1,250 ኪሎ ግራም፣ 650 ሜትር ከፍ ለማድረግ 8 ሜጋጁል ይፈለጋል። አንድ ሊትር ቤንዚን 32 ሜጋጁል ቢይዝም ሞተሩ ወደ ሥራ የሚለውጠው ሩቡን ያህል ነው። ስለዚህ ለከፍታው ብቻ አንድ ሊትር ይሄዳል፤ ሞተሩ ትንሽም ይሁን ትልቅ። እዚህ ላይ የሚለየው የመኪናዋ ክብደት ነው። ትንሿ ሞተር እስከ ጥግ ተረግጣ ስትሄድ ቁጠባዋ ይጠፋል፤ ዕድሜዋም ያጥራል። አዳማ ወይም ድሬዳዋ ሜዳው ላይ ለሚነዱ ወላጆች 1.0 ትበቃለች። ለወሎ ዳገት 1.3 ይሁን።

ስለ ቁልቁለቱም አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሹፌሮች ቤንዚን ለመቆጠብ ብለው ፎሌ አድርገው ይወርዳሉ። ኢንጀክሽን ባላቸው መኪኖች ይህ ተቃራኒውን ያደርጋል። በማርሽ እንደሆነች እግርን ከቤንዚን ፔዳል ካነሱ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ይዘጋል፤ ፎሌ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ይጠጣል፤ ፍሬኑም ይግላል። አባዬን ይህን ለማሳመን ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ኤሌክትሪክስ? በፊዚክሱ ካየነው ለዚህ ዳገት የተሻለው እሱ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ከፍታ ጉልበቱን አይቀንሰውም፤ ሲወርድም ከተጠቀመው የተወሰነውን ወደ ባትሪው ይመልሳል። አዲስ አበባ ለሚኖር፣ ግቢ ውስጥ ቆጣሪ ላለው ቤተሰብ በደንብ ይታሰብበት። እኛ ሰፈር ግን መብራት ይጠፋል፤ ባትሪውን ከፍቶ የሚያይ መካኒክም በአቅራቢያችን አላገኘሁም። ስለዚህ ለአሁኑ ተውነው።

ወደ ምርመራው ልምጣ። ቪትዝ ለጃፓን ገበያ የተሠራች ስለሆነች መሪዋ መጀመሪያ በቀኝ ነበር፤ ግራ ላይ የምታዩት ኋላ የተዛወረ ነው። ሥራው በጥንቃቄ ተሠርቶ እንደሆነ መሪውን እስከ ጥግ አዙራችሁ ድምፅ ስሙ፤ ዳሽቦርዱ ሲንቀጠቀጥ እዩ፤ ቁልፉ ሲከፈት የኤርባግ መብራት በርቶ መጥፋቱን አረጋግጡ። ያሪስ ተብላ በግራ መሪ የተሠራችው ይህ ጣጣ የለባትም፤ እኔ ትንሽ ብትወደድም እሷን እመርጣለሁ። ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ያሉት አውቶማቲክ ቪትዞች አብዛኞቹ ሲቪቲ ካምቢዮ አላቸው፤ ተራ የካምቢዮ ዘይት ከተደረገባቸው ይበላሻሉ። ምን ዘይት እንደተደረገ ባለቤቱ ካላወቀ ማንዋሏን ፈልጉ።

መኪናዋን ስታዩ ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን። ያየናት የመጀመሪያዋ መኪና ቀለሟ ያብረቀርቃል፣ አባዬም ወዷት ነበር። ኮፈኑን ብነካው ሞቋል፤ ሻጩ ከእኛ ቀድሞ አስነስቷታል ማለት ነው። የዘይት ክዳኑን ስፈታው ከሥሩ እንደ ማኪያቶ አረፋ ያለ ነገር አየሁ። ውሃ ከዘይት ሲቀላቀል እንዲህ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተበልቷል ማለት ነው። ደላላው «የክረምት ጤዛ ነው» አለ። አጭር መንገድ ብቻ ለምትሄድ መኪና ይህ ሊሆን ይችላል፤ ግን የሰባት ዓመት ደመወዝ «ሊሆን ይችላል» ላይ አይጣልም። ተመለስን።

ጭሱን ደግሞ እዩ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ትበላለች፤ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ነጭ ጭስ ካላቆመ ውሃ እየገባ ነው። የኪሎ ሜትሩን ቆጣሪ አትመኑ፤ የፔዳሉን ጎማና የመሪውን ልስላሴ እዩ። ኮምፕሬሽን ስታስለኩ ንባቡ ከመጽሐፉ ቁጥር ዝቅ ቢል ከከፍታው የተነሳ ሊሆን ይችላልና ወዲያው አትደንግጡ። የሲሊንደሮቹ ንባብ እርስ በርሱ መቀራረቡን ግን ተመልከቱ።

ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናዋ ጋር አንድ መሆኑን ራሳችሁ አንብቡ፤ ዕዳና እገዳ እንደሌለባት ከመንገድ ትራንስፖርት አጣሩ። ይህ ሁሉ ውልና ማስረጃ ከመሄድ በፊት ነው።

እዚህ ላይ መድረሳ የቀራነው ጠቀመኝ። ኪታቡ ላይ «ኺያር አሽ-ሸርጥ» የሚባለውን ታስታውሳላችሁ፤ ገዢው በስምምነት ውሉን የማጽናት ወይም የማፍረስ ምርጫ ይዞ የሚቆይበት ጊዜ ነው። በሻፊዒይና በሐነፊይ መዝሀብ እስከ ሦስት ቀን ይሄዳል። ሻጩን «ሦስት ቀን ስጠን፣ መካኒክ ይያት» አልነው፤ በወረቀት ጻፍነው፤ ሁለት ምስክር ፈረመ። ሌላ ሻጭ ይህንኑ ስንጠይቀው ተቆጥቶ ነበር፤ ቁጣው ራሱ መልስ ሆነን።

ብሩ ትንሽ ጎድሎን አጎቴ ባንክ እንበደር አለ። ወለድ ያለበትን አባዬ ሊሰማው አልፈለገም። ከወለድ ነፃ መስኮት ሄደን ስለ ሙራበሓ ጠየቅን፦ ባንኩ መኪናዋን መጀመሪያ ራሱ ይገዛል? ትርፉ ከውሉ በኋላ ይለወጣል? ክፍያ ቢዘገይ ምን ይሆናል? እነዚህን ሦስቱን ሳትጠይቁ አትፈርሙ፤ ከፊቅህ በኩል ያለውን ደግሞ ኡስታዞቻችንን ጠይቁ። እኛ በመጨረሻ ከዘመድ ቀርድ ሐሰን አግኝተን ሞላነው።

ባለ 1.3 ያሪስ ተገዛች፣ አልሐምዱሊላህ። ወንበሯ ትንሽ ከፍ ስለሚል አባዬ ጉልበቱን ሳያጥፍ ይገባል፤ እኔ በሠንጠረዤ ውስጥ ያልጻፍኩት ነገር ነበር። አሁን ታንከሯን ሞልቶ ኪሎ ሜትሩን ይይዛል፤ እንደገና ሲሞላ የገባውን ሊትር ያካፍላል፤ የሚጽፈውም የሱቁ ዱቤ ደብተር መጨረሻ ገጽ ላይ ነው። የመጀመሪያው ወር በሊትር 13 ኪሎ ሜትር መጣ። ፎሌውን ከተወ በኋላ 14 ሆኗል፤ ቁጥሩን ደውሎ የነገረኝ ራሱ ነው።