«8ኬ ካለው ፎቶውም ቪዲዮውም አለቀ»፦ ተረቱና እውነታው

ሰርግና ዝግጅት እየቀረጸ ለመተዳደር የተነሳ ወጣት «የትኛውን ካሜራ ልግዛ?» ብሎ ሲጠይቅ ከሱቅም፣ ከጓደኛም፣ ከዩቲዩብም የሚያገኘው መልስ አንድ እየሆነ መጥቷል፦ «8ኬ ያለውን ግዛ፤ ፎቶውም ቪዲዮውም አለቀ።» ደፈር ያለው ሻጭ ደግሞ ይጨምርበታል፦ «ፎቶ አንሺ ለምን ትቀጥራለህ? ቪዲዮውን ቅረጽ፣ ፎቶውን ከውስጡ ታወጣዋለህ።»

ይህ ምክር ሰው እየጎዳ ነው። የዕቁብ ብራቸውንና ከዘመድ የተበደሩትን በሙሉ ቦዲው ላይ ጨርሰው፣ አብሮት በመጣው ሌንስ፣ በካሜራው ማይክና በአዳራሹ አምፖል ሥራ የጀመሩ ልጆች አይቻለሁ። ከጥቂት ሰርግ በኋላ ደንበኛው ሲያማርር ስለ 8ኬ አያነሳም። የሽማግሌዎቹ ምርቃት አይሰማም፣ ማታ የተነሳው ፎቶ ደብዝዟል፣ ቪዲዮው በአራተኛ ወሩም አልደረሰም ይላል። ስህተቱ የሚያስከፍለውም ዋጋ እንደ ድሮው አይደለም። በሐምሌ 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ከመደረጉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ የካሜራ ዋጋም አብሮት ወጥቷል።

እምነቱ ከባዶ ሜዳ የተነሳ አይደለም፤ ይህን ማመን ተገቢ ነው። የ4ኬ ቪዲዮ አንዱ ፍሬም 3840 በ2160 ነው፤ ይህም 8.3 ሚሊዮን ፒክስል ማለት ነው። የ8ኬ ፍሬም 7680 በ4320 ስለሆነ 33 ሚሊዮን ይደርሳል፤ ብዙ ባለሙያ በየሳምንቱ ፎቶ ከሚያነሳበት ካሜራ ይበልጣል። ካኖን አር5 በ2020 (የካሜራዎቹ ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሲወጣ ከ8ኬ ቪዲዮ ላይ አንድ ፍሬም ለይቶ ፎቶ አድርጎ ማስቀመጥ እዚያው ካሜራው ውስጥ የሚቻል ሆነ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2009 የአሜሪካው ኤስኳየር መጽሔት ሬድ ዋን በተባለ የሲኒማ ካሜራ ከተቀረጸ ቪዲዮ የሽፋን ፎቶ አውጥቷል። ብቻውን የሚሠራ ቀራጭም ሰፊ ምስል በ8ኬ ከያዘ በኋላ በኤዲቲንግ ጊዜ ቀረብ እያደረገ ቢቆርጠው የ4ኬ ጥራቱ አይጠፋበትም። ለማስታወቂያና ለግሪን ስክሪን ሥራ ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው።

ሻጩ ሳያነሳው የሚያልፈው ግን የሹተርን ነገር ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም ስንቀርጽ እንቅስቃሴው ለዓይን የተፈጥሮ መስሎ እንዲታይ ሹተሩን 1/50 ላይ እናደርጋለን። በዚህ ፍጥነት የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ በእያንዳንዱ ፍሬም ላይ ትንሽ ይጎተታል፤ ፍሬሞቹ ተከታትለው ሲሄዱ ያ መጎተት ቪዲዮውን ያለሰልሰዋል። ፎቶ የሚፈልገው የዚህን ተቃራኒ ነው። እስክስታ የሚመታ ትከሻ ጥርት ብሎ እንዲቀር ሹተሩ 1/500 ወይም ከዚያ የፈጠነ መሆን አለበት። ስለዚህ ሰርጉ ሞቅ ባለበት ሰዓት ከተቀረጸው ውስጥ አንዱን ፍሬም ብትከፍቱ የምታገኙት 33 ሚሊዮን ፒክስል ያለው ድብዝዝ ትከሻ ነው። ሹተሩን 1/500 አድርጋችሁ ብትቀርጹ ፍሬሙ ይጠራል፤ ቪዲዮው ግን እየዘለለ ዓይን ያደክማል፤ ሴንሰሩ ላይ የሚደርሰው ብርሃንም ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። በማታ አዳራሽ ይህን በቀላሉ የሚሸከም ካሜራ የለም። ቪዲዮ እየቀረጹ በፍላሽ መደገፍም አይቻልም። የኤስኳየሩ ሽፋን የተሳካው ባለሙያ መብራቱን አዘጋጅቶ፣ ለፎቶ የምትሠራ ተዋናይት ፊቱ አቁሞ ስለቀረጸ ነው። የአማቶቿን ጉልበት ለመሳም ጎንበስ የምትል ሙሽራ ግን መብራት እስኪስተካከል አትጠብቅም።

ሌላም አለ። የቪዲዮ ፍሬም ጋደም ያለ ነው። ሙሽራዋን ቁመቷን ሙሉ የያዘ ቁም ፎቶ ከውስጡ ስትቆርጡ 33 ሚሊዮኑ ወደ 12 ሚሊዮን ይወርዳል። ሮው ካልቀረጻችሁ ደግሞ ፍሬሙ የታመቀ ስለሆነ ፊት ላይ የወደቀውን ጥላ ለማንሳት ስትሞክሩ ይቆሽሻል። ምርጫውስ? አንድ ሰዓት ቪዲዮ 90 ሺህ ፍሬም ነው። ጥሩ ፎቶ አንሺ ጣቱ ሹተር ላይ ሆኖ ቅጽበቱን የሚመርጠው በዚያች ሰዓት ነው፤ ያንን ሥራ ወደ ኤዲተሩ ጠረጴዛ ማዛወር ቁጠባ አይደለም። «ፎቶውን ከቪዲዮው እናወጣለን» ብለው ከቤተሰብ የሁለት ሰው ዋጋ የሚቀበሉትን ሰዎች መታገሥ አልችልም። ሰርግ አይደገምም። አልበሙን የከፈተች እናት የልጇን ፊት ጠርቶ ካላገኘችው ገንዘብ መመለስ አያካክሰውም።

ወደ ሜሞሪው እንሂድ። አር5 8ኬ በሮው ሲቀርጽ በሰከንድ 2600 ሜጋቢት ይጽፋል፤ 128 ጊጋባይት ሜሞሪ በስድስት ደቂቃ ገደማ ይሞላል ማለት ነው። ሰዓቱ ከአንድ ቴራባይት ያልፋል። በተለመደው የታመቀ የ8ኬ አማራጭ እንኳ በሰዓት ከ200 ጊጋ በላይ ይበላል። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚጻፍ 4ኬ ግን በሰዓት 45 ጊጋ ነው። አራት ሰዓት የተቀረጸ ሰርግ በ4ኬ 180 ጊጋ ሲሆን በታመቀ 8ኬ ከ800 ያልፋል፤ ቅጂ ማስቀመጥ ግዴታ ስለሆነ ደግሞ ሁሉንም በሁለት አባዙት። ይህን ሁሉ የሚከፍተው ኮምፒውተር ያው የድሮው ነው። በአራተኛ ወሩ ያልደረሰው ቪዲዮ አብዛኛውን ጊዜ የተያዘው እዚህ ላይ ነው።

ሙቀትም አለ። አር5 ሲወጣ ካኖን ራሱ ያስታወቀው የ8ኬ ቀረጻ ጊዜ በ23 ዲግሪ ሙቀት 20 ደቂቃ ገደማ ነበር። በድሬዳዋ ከሰዓት በኋላ 23 ዲግሪ የት ይገኛል? ኩባንያው በ2022 ማራገቢያ ያለው አር5 ሲ የተባለ ካሜራ አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት የተለያዩ ኩባንያዎች ካሜራዎችም ተሻሽለዋል። ቢሆንም የምትገዙት ያገለገለ ከሆነ፣ እዚህ ገበያ ደግሞ ብዙው ያገለገለ ነው፣ ይህን ሳትፈትሹ ብር አትክፈሉ።

ቪዲዮው መጨረሻ ላይ የሚታየውስ በምንድን ነው? ቤተሰቡ በቴሌግራም ይልከዋል፤ ቴሌግራም ያምቀዋል፤ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለችው እህት 4ኬ እንኳ በማይሞላ የስልክ ስክሪን ታየዋለች። እሷን የሚያስለቅሳት ጥርት ብሎ የተሰማው የአባቷ ምርቃት ነው፤ ለዚያ ደግሞ የሚያስፈልገው ዋየርለስ ማይክ ነው።

በ2023 የወጣው «ዘ ክሪኤተር» የተሰኘው የሆሊውድ ፊልም 80 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በጀት ነበረው። የተቀረጸው በሶኒ ኤፍኤክስ3 ነው፤ ሴንሰሩ 12 ሜጋፒክስል ብቻ የሆነ፣ 8ኬ የሌለው፣ ሲወጣ ዋጋው ከ4 ሺህ ዶላር የማያልፍ ካሜራ። ገንዘቡ የሄደው ወደ ሰው፣ ወደ ቦታና ወደ ምስል ቅንብር ነው።

ይህን ሰምታችሁ ግን ለፎቶም 12 ሜጋፒክስል ይበቃል ብላችሁ አትሩጡ። ለቪዲዮ የሚበቃው ለፎቶ ሊያንስ ይችላል፤ ሁለቱን ሥራ በአንድ ካሜራ ለመሥራት የሚያስብ ሰው የሚቸገረውም እዚህ ላይ ነው። 12 ሜጋፒክስል በ300 ዲፒአይ ሲታተም 36 በ24 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ለመቁረጥ ትርፍ የለውም። 24 ሜጋፒክስል 50 በ34 ሴንቲሜትር ያወጣል፤ ለአልበምና ለሳሎን ግድግዳ ፎቶ በቂ ነው። 45 ሜጋፒክስል ወደ 70 በ46 ይጠጋል፤ ለፋሽንና ለማስታወቂያ ሥራ ወይም ብዙ ለሚቆርጥ ሰው ትርጉም አለው። ፒክስሉ ሲበዛ ግን ሴንሰሩ ምስሉን አንብቦ ለመጨረስ ብዙ ጊዜ ይወስድበታል። ቀርፋፋ ሴንሰር ካሜራው ፈጠን ብሎ ሲዞር ምሰሶውን ያጋድላል፤ አጠገባችሁ ያለው ፎቶ አንሺ ፍላሽ ሲያበራም ፍሬሙን ግማሽ ነጭ ግማሽ ጥቁር ያደርገዋል። እንደ ኒኮን ዜድ8 እና ሶኒ ኤ1 ያሉት ብዙ ፒክስል ይዘው በፍጥነት ያነባሉ፤ ዋጋቸው የከበደበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ «ስንት ኬ ነው?» የሚለውን ትታችሁ ሌላ ጠይቁ። ቪዲዮው 10 ቢት ነው? ባለ 8 ቢት ምስል ለእያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም 256 ደረጃ ሲኖረው 10 ቢት 1024 አለው። የጥምቀት ዕለት ረፋድ ላይ ነጭ ነጠላና ጠይም ፊት በአንድ ፍሬም የቀረጸ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል፦ በ8 ቢት ፊቱን ልታበሩ ስትሞክሩ ቆዳው ላይ ጭረት ጭረት ይወጣል። በሰከንድ 50 ፍሬም ሲቀርጽስ ምስሉን ከዳር ይቆርጣል? ለምሳሌ ሶኒ ኤ7 4 በ4ኬ 50 ፍሬም ሲቀርጽ ምስሉ ይጠባል፤ የመልስ ዕለት በጠባብ ሳሎን ጥግ ተለጥፋችሁ ስትቀርጹ ይህ ያስጨንቃል። የሜሞሪ ቦታውስ ሁለት ነው? አንድ ሜሞሪ ብቻ የሚይዝ ካሜራ፣ ምስሉ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ይዤ ሰርግ አልሄድም።

የቀሩትን አሉባልታዎች ባጭሩ ላንሳ።

«ሜጋፒክስል ሲበዛ ጨለማ ላይ ይሞታል» ይባላል። ሁለት ፎቶዎች በእኩል መጠን ሲታተሙ ልዩነቱ ብዙዎች የሚሉትን ያህል አይደለም። ጨለማን የሚወስነው ከሁሉ በላይ ሌንስ ነው። ኤፍ 1.8 የሆነ 50 ሚሊሜትር ሌንስ፣ አብሮ የመጣው ዙም ጫፍ ላይ ኤፍ 5.6 ሲሆን ከሚያስገባው ብርሃን አሥር እጥፍ ገደማ ያስገባል። ከርካሾቹ ሌንሶች አንዱም ነው።

«ፉል ፍሬም ያልሆነ ካሜራ ለባለሙያ አይሆንም» የሚለው ሐሰት ነው። ሲኒማ ለብዙ አሥርት ዓመታት የተቀረጸው ሱፐር 35 በተባለው መጠን ነው፤ እሱም ለኤፒኤስሲ ሴንሰር የቀረበ ነው። ፉል ፍሬም በማታ ሥራ ይረዳል፤ ሌንሱ ግን ይከብዳል፣ ይወደዳልም።

«30 ደቂቃ ላይ የሚያቆመው እንዳይቃጠል ነው» የሚሉ አሉ። በብዙዎቹ የቆዩ ካሜራዎች ገደቡ የመጣው ከአውሮፓ የጉምሩክ ሕግ ነው፤ 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚቀርጽ ዕቃ እንደ ቪዲዮ ካሜራ ተቆጥሮ ቀረጥ ይጨመርበት ነበር።

«ፊልም እንዲመስል 24 ፍሬም» የሚለው ምክር ደግሞ የሚመጣው በአብዛኛው የመብራት ኃይሉ 60 ኸርዝ ከሆነበት ከአሜሪካ ነው። የእኛ 50 ኸርዝ ነው። በ25 ፍሬምና በ1/50 ሹተር ከቀረጻችሁ የአዳራሹ ፍሎረሰንት ምስሉን አያንቀጠቅጠውም። ከአሜሪካ የመጣ ካሜራ ከሆነ ሴቲንጉን ከኤንቲኤስሲ ወደ ፓል ቀይሩት፤ ነጻ ነው።

«ድምፅ አልባ ሹተር ለቤተ ክርስቲያን ነው» የሚለው ግማሹ ልክ ነው። ሴንሰሩ ቀርፋፋ ከሆነ በኤልኢዲ መብራት ሥር ፎቶው ላይ አግድም መስመር ይወጣል። ከተክሊሉ ቀን በፊት ሞክሩት።

አሁን ከዜሮ የሚጀምር ሰው ቢጠይቀኝ የምሰጠው መልስ ይህ ነው፦ ከ24 እስከ 33 ሜጋፒክስል፣ 10 ቢት 4ኬ፣ ሁለት የሜሞሪ ቦታ፣ ፊት ተከትሎ የማይስት ፎከስ። ቦዲው ከጠቅላላው ገንዘብ ከግማሽ በላይ ከወሰደ ወደ ዝቅተኛው ሞዴል ውረዱ፤ ቀሪው ለሌንስ፣ ለማይክ፣ ለመብራትና ለሃርድ ዲስክ ነው። ደንበኛችሁ 8ኬ ፈልጎ በጽሑፍ ከጠየቃችሁ፣ የሚከፍልበትም ከሆነ፣ ያን ቀን ተከራዩ።

ልትገዙ የቆረጣችሁትንም ቢሆን መጀመሪያ ለአንድ ሰርግ ተከራዩት። ማታ አዳራሽ ውስጥ ሥሩበት፣ ሜሞሪውን ቤት ወስዳችሁ በራሳችሁ ኮምፒውተር ክፈቱ፣ አንድ ፎቶ በአልበሙ ልክ አሳትሙ። ሱቁ ካሜራውን አብርታችሁ፣ ቀርጻችሁ፣ ሜሞሪውን ይዛችሁ እንድትወጡ የማይፈቅድ ከሆነ ሌላ ሱቅ ሂዱ።