የባሕር ትንበያ «1.5 ሜትር» ሲል ምን እያለን ነው?

ስልካችሁ ላይ እንደ ዊንዲ ያለ የአየር ሁኔታ አፕ ከፍታችሁ ካርታውን ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ብትጎትቱት፣ ባሕሩ በሰማያዊ፣ በአረንጓዴና በቀይ ተቀብቶ ታገኙታላችሁ። ሞገድ የሚለውን መርጣችሁ አንድ ቦታ ስትነኩ ቁጥር ይመጣል። 1.5 ሜትር እንበል። ከሰው ቁመት ያነሰ ነው፤ ቀላል ይመስላል። ግን ቁጥሩ የሚናገረው ብዙዎቻችን እንደምናስበው አይደለም።

ነገሩ ከእኛ የራቀ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ስደተኞች የመን መግባታቸውን የዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት (አይኦኤም) መዝግቧል። አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። የሚሻገሩት ከጅቡቲ ኦቦክ አካባቢ ወይም ከሶማሊያ ቦሳሶ ተነስተው ነው። ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ከቦሳሶ 260 ኢትዮጵያውያንና ሶማሊያውያንን ጭና የተነሳች ጀልባ የመን ጠረፍ አጠገብ ሰጠመች፤ ቢያንስ 49 ሰዎች ሞቱ፣ ከ100 በላይ የገቡበት ጠፋ። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ150 በላይ ሰው የጫነች ሌላ ጀልባ አቢያን በተባለው የየመን ግዛት አቅራቢያ ተገልብጣ ከ60 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከተሳፋሪዎቹ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። አደጋው የደረሰው በመጥፎ የአየር ሁኔታ እንደሆነም ተዘግቧል።

ሁለቱም የደረሱት በክረምት ወራት ነው። ይሄን ያዙልን፣ እንመለስበታለን።

ቁጥሩ ትልቁን ሞገድ አይነግራችሁም

ባሕር ላይ ሞገድ ሁሉ እኩል አይደለም። ትንበያ ሰሪዎች ሞገዶቹን በቁመት ከፋፍለው ከመካከላቸው ከፍተኛ የሆነውን አንድ ሦስተኛ ይወስዱና የእሱን አማካይ ይጽፋሉ። አፑ ላይ የምታዩት ቁጥር ይሄ ነው። አማካይ ስለሆነ ከእሱ የሚበልጥ ሞገድ ይኖራል ማለት ነው፤ በተወሰኑ ሰዓታት ውስጥ እጥፍ ሊሆን የተቃረበ ሞገድም ይጠበቃል። ስለዚህ «1.5 ሜትር» ሲል «አልፎ አልፎ 3 ሜትር ገደማ ሊመጣ ይችላል» እያለ ነው።

ደግሞም በ5 ሴኮንድ ልዩነት የሚመጣ ሞገድ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ700 ጊዜ በላይ ጀልባዋን ይመታታል። ለመገልበጥ አንዱ ይበቃል።

ሴኮንዱንም እዩ

ከቁመቱ አጠገብ ሴኮንድ ይጻፋል። በአንድ ሞገድና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ ነው። 2 ሜትር ሆኖ 12 ሴኮንድ ከሆነ፣ ሞገዱ ከሩቅ የመጣና ከ200 ሜትር በላይ የተዘረጋ ነው፤ ጥልቅ ውኃ ላይ ጀልባዋን ቀስ አድርጎ ያነሳና ያወርዳታል። ያው 2 ሜትር 5 ሴኮንድ ከሆነ ግን ርዝመቱ 40 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ቀጥ ያለ ግድግዳ ይሆንና ጀልባዋ ከአንዱ ሳታገግም ሌላው ይደርስባታል። ቁመቱ አንድ ነው፣ አደጋው ግን ለየቅል።

ነፋሱም ላይ እንዲሁ ነው። የሚለካው በኖት ነው፤ 1 ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከ10 ወደ 20 ኖት ሲያድግ ፍጥነቱ እጥፍ ሆነ፣ ግፊቱ ግን አራት እጥፍ።

ለእኛ ክረምት፣ ለባሕሩ የነፋስ ወቅት

ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ የደቡብ ምዕራብ ሞንሱን የሚባለው ነፋስ የምድር ወገብን ተሻግሮ በሶማሊያ ጠረፍ በኩል ወደ ዐረብ ባሕር ይከንፋል። አገር ቤት ዝናቡ በሚጠናበት ሰሞን፣ ከሶማሊያ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ እስከ ሶኮትራ ደሴት ያለው ባሕር ብዙ ጊዜ ከ3 ሜትር በላይ በሆነ ሞገድ ይናጣል። የሶማሊያ የሕንድ ውቅያኖስ ጠረፍ ዓሣ አጥማጆች በዚያ ወቅት ጀልባቸውን ወደ የብስ ጎትተው ያቆማሉ። ባሕሩን ከልጅነታቸው የሚያውቁት ሰዎች የማይነኩት ጊዜ ነው።

የኤደን ባሕረ ሰላጤን የአፍሪካ ቀንድ በከፊል ይከልለዋል። ወደ ምሥራቅ በተሄደ ቁጥር ግን ከለላው እየሳሳ ይሄዳል፤ ከቦሳሶ የሚነሱ ጀልባዎች የሚያቋርጡት ደግሞ በዚያው በምሥራቅ በኩል ነው።

ታዲያ በጋ ይሻላል? በኦቦክ በኩል ያለውን እንይ። ከጥቅምት በኋላ ነፋሱ አቅጣጫ ይቀይርና ባብ ኤል መንደብ በተባለው ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ከደቡብ ምሥራቅ ይገባል። ግራና ቀኙ ከፍታ ስለሆነ ይጨመቃል፤ በርና መስኮት ፊት ለፊት ሲከፈት ነፋሱ እንደሚበረታው ማለት ነው። የቦታው ስም በዐረብኛ «የዋይታ በር» እንደ ማለት ነው።

በዚህ ላይ ሳይክሎን አለ። በዐረብ ባሕር የሚነሳው በአብዛኛው በሁለት ወቅት ነው፦ በግንቦትና በሰኔ፣ እንዲሁም ከጥቅምት እስከ ኅዳር። ግንቦት 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለው በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ገብቶ ሶማሌላንድን መታ፤ ዝናቡ ምሥራቅ ኢትዮጵያም ደረሰ። ኅዳር 2013 ዓ.ም. ሶማሊያን የመታው ጋቲ ደግሞ በአንድ ቀን ውስጥ ከደካማነት ወደ ኃይለኛ ሳይክሎን ተለወጠ። ለዚህ ባሕር የሳይክሎን ማስጠንቀቂያ የሚያወጣው ኒው ደልሂ ያለው የሕንድ ሜትሮሎጂ ማዕከል ነው። ማዕከሉ የሳይክሎኑን መንገድ ቀደም ብሎ ይናገራል፤ እንደ ጋቲ በድንገት መጠንከሩን ቀድሞ ማወቅ ግን አሁንም ከባድ ነው።

ትንበያው የማያየው

ሳተላይት የባሕሩን ገጽ ሻካራነት አይቶ ነፋሱን ይለካል፣ ኮምፒውተር ደግሞ ቀጣዮቹን ቀናት ያሰላል። የአውሮፓው ማዕከል የዓለም ሞዴል ባሕሩን የሚያየው ወደ 9 ኪሎ ሜትር በሚጠጉ ካሬዎች ከፋፍሎ ነው። የባብ ኤል መንደብ ጠባቡ ቦታ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዳር እስከ ዳር ሦስት ካሬ ብቻ ማለት ነው! በተራራ መካከል ሾልኮ የሚመጣ ድንገተኛ ነፋስ በካሬዎቹ ውስጥ ሊጠፋ ይችላል።

የማንን ጀልባ?

ዋናው ነጥብ ይሄ ነው፦ ትንበያው የሚናገረው ስለ ባሕሩ ነው። ስለ ጀልባዋ ምንም አያውቅም።

1.5 ሜትር ለጭነት መርከብ ምንም አይደለም። ከአቅሟ በላይ የጫነች ጀልባ ግን በክብደቱ ትሰምጥና ጠርዟ ከውኃው ብዙም ከፍ አይልም። ትንሽ ሞገድ ውኃ ይሞላባታል። ውኃው ውስጧ ወዲያ ወዲህ ሲል ያዘናብላታል፤ ሰው ደንግጦ ወደ አንድ ወገን ሲሸሽ ትገለበጣለች።

የብስ ከታየ በኋላም አያበቃም። ሞገድ የሚሰበረው የውኃው ጥልቀት ከሞገዱ ቁመት ብዙም በማይበልጥበት ቦታ ነው፤ 1.5 ሜትር የሆነው 2 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ይፈርሳል። 2 ሜትር ውኃ ረጅም ሰውንም ይውጣል። ነሐሴ 2009 ዓ.ም. አንድ አሻጋሪ ከ100 በላይ ወጣት ስደተኞችን ሻብዋ ጠረፍ አጠገብ በግድ ባሕር ውስጥ አስወርዷቸው እስከ 50 የሚሆኑት መስጠማቸውን አይኦኤም በወቅቱ ገልጿል። መሬቱ እየታያቸው ነበር።

ስለዚህ ደላላው ለእናንተ፣ ለወንድማችሁ ወይም ለሰፈር ጓደኛችሁ «ባሕሩ ሰላም ነው፣ እኔ አይቼዋለሁ» ካለ፣ ምናልባት አልዋሸም። ግን ጥያቄው እሱ አይደለም። ጀልባዋ የስንት ሰው ናት? ስንት ሰው ተጫነባት? የሕይወት አድን ጃኬት አለ? የሚያወርዱት ስንት ሜትር ጥልቀት ላይ ነው? ለእነዚህ መልስ የሚሰጥ አፕ የለም፤ ደላላውም አይሰጥም።

ለመሄድ እያሰበ ያለ የምታውቁት ሰው ካለ ይሄን ላኩለት።