አነስተኛ የምንጣፍ ማጠቢያ ማሽን ሲመረጥ

በምሥራቅ ጎጃም ዞን በሚገኙት የቢቸናና የሞጣ ከተሞች፣ እንደ ሌሎች የአገራችን አነስተኛ ከተሞች ሁሉ፣ የፋብሪካ ምንጣፍ የሆቴሎችን፣ የጽሕፈት ቤቶችን፣ የአብያተ ክርስቲያናትንና የመስጊዶችን ወለል ማልበስ ከጀመረ ሰንብቷል። በእንዲህ ዓይነት ከተሞች እጥበቱ ብዙውን ጊዜ የሚከናወነው በዱቄት ሳሙናና በብሩሽ፣ አለያም በመኪና ማጠቢያ ላቫጆ በግፊት ውኃ ነው።

በዚህ ሥራ በማኅበርም ሆነ በግል ለመሰማራት የሚያስቡ ወጣቶች በቅድሚያ የሚገጥማቸው ጥያቄ የትኛው ማሽን ይገዛ የሚለው ነው። ማሽኖቹ ከውጭ የሚገቡ ናቸው። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የአንድ ዶላር ዋጋ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መድረሱ ይታወሳል። በመሆኑም በብድር ገንዘብ የማይሆን ማሽን የገዛ ሰው የሚገባበት ዕዳ ከቀድሞው የከበደ ነው።

በገበያ ላይ ምንጣፍ ያጸዳሉ ተብለው የሚቀርቡት መሣሪያዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። ተራው ቫኩም ክሊነር ደረቅ አቧራ ብቻ የሚስብ ሲሆን፣ ውኃ ከገባበት ሞተሩ ይቃጠላል። ክብ ብሩሽ የሚያሽከረክረው ከባድ ማሽን ለሆቴል አዳራሽ ወለል ተስማሚ ቢሆንም ያልተጣበቀ ምንጣፍ ይጠቀልላል፤ ቆሻሻውን ፈቀቅ ያደርገዋል እንጂ አያወጣውም። የላቫጆው የግፊት ማሽን ደግሞ ውኃውን ወደ ምንጣፉ ጀርባ ስለሚያስገባ ማጣበቂያውን ያላቅቃል፤ የገባውን ውኃ መልሶ የሚመጥበት መንገድም የለውም።

ለአነስተኛ ሥራ የሚመረጠው ሳሙና የተቀላቀለበትን ውኃ ረጭቶ ወዲያውኑ ከነቆሻሻው መልሶ የሚመጥ ማሽን ነው። ይህ ማሽን አንዱ ለንጹሕ፣ ሌላው ለቆሻሻ ውኃ የሚያገለግሉ ሁለት ገንዳዎች፣ አንድ ፓምፕና አንድ የመምጠጫ ሞተር አሉት። ለምሳሌ ካርቸር የተባለው የጀርመን ኩባንያ የሚያመርተው ፑዚ 10/1 የተሰኘ ማሽን 10 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይይዛል፤ በደቂቃ አንድ ሊትር ይረጫል፤ ሞተሩ 1,250 ዋት ነው። አምራቹ በሰዓት ከ20 እስከ 25 ካሬ ሜትር እንደሚያጥብ ይገልጻል። በዚህ ስሌት ሦስት በአራት ሜትር የሆነ የሳሎን ምንጣፍ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል። እጅግ የቆሸሸ ከሆነ ግን ከዚያ በላይ መቆየቱ አይቀርም። ለሶፋና ለመኪና ወንበር ተብለው የሚሸጡት የሁለትና የሦስት ሊትር ትንንሽ ማሽኖች ዋጋቸው ቢያጓጓም፣ ውኃ በመሙላትና በመድፋት ብቻ ቀኑን ያስመሻሉ።

በሽያጭ ወረቀት ላይ የማይጻፍ አንድ ጉዳይ አለ። ቢቸናና ሞጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኙ ሲሆን፣ በዚህ ከፍታ አየሩ ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳል። የመምጠጫ ሞተር የሚሠራው አየር በመሳብ በመሆኑ የመምጠጥ ኃይሉ በዚያው መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ በቆላና በባሕር ዳርቻ ከተማ የሚበቃ ደካማ ሞተር በእነዚህ ከተሞች ምንጣፉን እርጥብ አድርጎ ይተወዋል። መብራት ሲጠፋ የሚያገለግለው የቤንዚን ጄኔሬተርም በየ1,000 ሜትሩ አንድ አሥረኛ ያህል ጉልበት ያጣል። 2,000 ዋት የተባለው ጄኔሬተር እዚያ 1,500 ዋት ገደማ ይሰጣል ማለት ነው። ሞተር ሲነሳ ደግሞ ከመደበኛው በላይ ኃይል ስለሚፈልግ፣ ለ1,250 ዋት ማሽን ይህ መጠን ጠባብ ነው።

የአገራችን መብራት 220 ቮልት ነው። ከአሜሪካ በዘመድ በኩል የሚላክ ባለ 120 ቮልት ማሽን በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል፤ ትራንስፎርመር መግዛትም ተጨማሪ ወጪና ሸክም ነው። ከውኃ ጋር የሚሠራ መሣሪያ በመሆኑ የምድር ሽቦ የሌለው ሶኬት ላይ መሰካት ለሕይወት አስጊ ነው። ቀጭን ማራዘሚያ ገመድም ስለሚግል መጠቀም አይገባም።

ማሽኑ ብቻውን ሁሉን አያጸዳም። በቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ ላይ የሚንጠባጠበው የጧፍ ሰም በውኃ አይለቅም። ሰሙ በቅድሚያ ተፍቆ፣ ቀሪው ወረቀት ተደርጎበት ሞቅ ባለ ካውያ መነሳት ይኖርበታል፤ ካውያው ከጋለ ግን የፕላስቲክ ክር ያቀልጣል። ከበግ ፀጉር የተሠራ ምንጣፍና ባና በሙቅ ውኃና በኃይለኛ ሳሙና ይኮማተራል፤ ቀለሙም ሊለቅ ይችላል። ስለሆነም ጥግ ላይ በነጭ ጨርቅ መሞከር ያስፈልጋል።

በክረምት ሥራው ይበልጥ ይፈትናል። ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በላይ እርጥብ ሆኖ የቆየ ምንጣፍ ይሻግታል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ ሐምሌ ታጥቦ በቅጡ ሳይደርቅ የተነጠፈ ምንጣፍ ቤቱን ለሳምንታት በሽታ ሞልቶት ስለሚያውቅ፣ ነጥቡን አቃልሎ ማለፍ አልወደደም።

በመሆኑም ገዢ ከቀለሙና ከስሙ በፊት ማሽኑ ከረጨው ውኃ ስንቱን እንደሚመልስ ማየት ይኖርበታል። ሙከራው ቀላል ነው፤ አምስት ሊትር ተለክቶ ይሞላል፣ አንድ አሮጌ ምንጣፍ ይታጠባል፣ በቆሻሻ ገንዳው የተጠራቀመውም ይለካል። ሻጩ ይህን በሱቁ ለማሳየት ፈቃደኛ ካልሆነ ሌላ ሻጭ መፈለግ ይሻላል።