ድንገተኛ የልብ መቆምና የንግድ ቤት ሠራተኞች ሥልጠና

በመጋዘን ዕቃ የሚቆጥር ሠራተኛ ድንገት ወድቆ የልቡ ምት ቢቆም፣ ሐኪም እስኪደርስ ድረስ ዕድሉ በአጠገቡ ባሉት ሰዎች እጅ ነው። አንጎል ደም ካጣ ከ4 ደቂቃ ያህል በኋላ መጎዳት ይጀምራል፤ የመዳን ተስፋም እርዳታ ካልተገኘ በየደቂቃው ከ7 እስከ 10 በመቶ እየቀነሰ ይሄዳል። አምቡላንስ በገበያ ሰዓት መንገዱን አቋርጦ በዚህ ጊዜ ውስጥ ይደርሳል ብሎ መተማመን አይቻልም።

ደረትን በመጫን ልብን የመርዳት ዘዴ የተገኘው በከፊል ከኢንዱስትሪ ችግር የተነሣ መሆኑ እምብዛም አይነገርም። የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች በመስመር ሠራተኞቻቸው ላይ የሚደርሰው የሞት አደጋ ስላሳሰባቸው ለምርምር ገንዘብ ሰጡ። ከተመራማሪዎቹም አንዱ በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ዊልያም ኩወንሆቨን ነበሩ። በ1958 እ.ኤ.አ. ባልደረባቸው ጋይ ኒከርቦከር፣ የኤሌክትሪክ ማሽኑ በውሻ ደረት ላይ ሲጫን የደም ግፊት ከፍ እንደሚል አስተዋለ። ሁለቱ ከሐኪሙ ከጄምስ ጁድ ጋር በ1960 ባወጡት ጽሑፍ፣ ዘዴው ከተሞከረባቸው 20 በሽተኞች 14ቱ መዳናቸውን ገለጹ። በዚያው ዓመት በኖርዌይ የስታቫንገር ከተማ የአሻንጉሊት ፋብሪካ ባለቤት የነበሩት አስሙንድ ላርዳል፣ ለመለማመጃ የሚሆነውን «አን» የተባለውን አሻንጉሊት ሠርተው አቀረቡ። ድርጅታቸውም ከጊዜ በኋላ መጫወቻውን ትቶ ወደ ሕክምና መሣሪያ ሥራ ዞረ፤ ይህም ለነጋዴ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ስለ ሥልጠናው ጥቅም ከሚቀርቡት ማስረጃዎች በተለይ ንግድን የሚመለከተው፣ በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመው የአሜሪካ የቁማር ቤቶች ጥናት ነው። የየቤቱ የጥበቃ ሠራተኞች ደረት መጫንንና ልብን በኤሌክትሪክ ማስተካከያ መሣሪያን ተማሩ። የልባቸው ምት ተዛብቶ ከወደቁት 105 ሰዎች 53 በመቶው ከሆስፒታል በሕይወት ወጡ፤ ሲወድቁ ታይተው መሣሪያው በ3 ደቂቃ ውስጥ ከደረሰላቸውማ 74 በመቶው ድነዋል። እርግጥ በቁማር ቤት ጠባቂ ዐይኑን ከሰው ላይ አያነሣም፤ በጭር መጋዘን ያው ውጤት ይገኛል ማለት አይደለም።

አሠራሩ አስቸጋሪ አይደለም። የወደቀው ሰው ሲጠሩት የማይሰማና በደንብ የማይተነፍስ ከሆነ አምቡላንስ ይጠራል። አልፎ አልፎ ማጣጣር እንደ ትንፋሽ አይቆጠርም። አደጋው የኤሌክትሪክ ከሆነ ግን ማንም ሳይነካው አስቀድሞ ኃይሉ መቋረጥ አለበት። በሽተኛው በደረቅ ወለል ላይ ተንጋሎ፣ ረዳቱ ሁለት መዳፉን አነባብሮ በደረቱ መካከል ከ5 እስከ 6 ሳንቲሜትር ወደ ታች ይጫናል፤ በደቂቃም ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ከእያንዳንዱ ግፊት በኋላ ደረቱ ወደ ቦታው እንዲመለስ ይለቀቃል። ሥራው ስለሚያደክም ሁለት ሰዎች በየ2 ደቂቃው ቢፈራረቁ ይበጃል። የሠለጠነ ሰው ከ30 ግፊት በኋላ 2 ጊዜ ትንፋሽ ይሰጣል፤ ያልሠለጠነ ግን መጫኑን ብቻ ይቀጥል። የጎድን አጥንት ቢሰበር እንኳ ማቆም አይገባም።

አንዳንድ አሠሪዎች ሥልጠናው የሥራ ሰዓት ይሻማል ይላሉ። ነገር ግን የሚጠፋው ጥቂት ሰዓት ነው፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርም የመጀመሪያ እርዳታ ትምህርት ይሰጣል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው ለትምህርቱ የሚላከው ሰው ምርጫ ነው፤ በየስብሰባው ከሚዞረው ሥራ አስኪያጅ ይልቅ ቀኑን ሙሉ ከቦታው የማይለዩት ዘበኛውና የመጋዘን ኃላፊው ቢማሩ ይሻላል።