የጣና ኩላሊት፦ በባሕር ዳር ጓሮ ያለው ደንገል

ባሕር ዳር ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን የጣና ገዳማትና የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ነው። እንግዳ ሲመጣብንም የምንወስደው ወደዚያው ነው። በመካከል ያለውን ግን ስንቶቻችን ልብ ብለን አይተነዋል? ዓባይ እኮ ከጣና የሚወጣው እዚያው ከከተማዋ ጥግ ነው። ፏፏቴው ጋ እስኪደርስ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ገና ከሐይቁ ሲወጣ ዳርና ዳሩን ደንገል የሚበቅልበት ረግረግ ያገኛል።

ይህ ረግረግ ለዓይን ብቻ የተሠራ አይደለም። በክረምት እንደ ጉማራ፣ ርብና ግልገል ዓባይ ያሉ ወንዞች ከእርሻ ያጠቡትን አፈር ይዘው ወደ ጣና ይገባሉ። በሐይቁ ዙሪያ ያለው ደንገል ውሃውን ያዘገየዋል፤ ደለሉ ይቀመጣል፤ ከማዳበሪያ የመጣውንም ሥሩ ይመጠዋል። ኩላሊት ደም እንደሚያጣራ ማለት ነው። አምባዛ የሚባለው ዓሣ የሚራባው ጎርፍ በሸፈነው ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ነው። የወይጦ ማኅበረሰብም ታንኳውን የሚሠራው ከደንገል ነው።

ታዲያ ይህ ኩላሊት እየታመመ ነው። ውሃው ሲሸሽ የሚታረሰው «ባሕር ሸሽ» መሬት እየሰፋ፣ ደንገሉ እየታጨደና እየተቃጠለ ሄዷል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የታየው እምቦጭም ዳርቻውን ወረረው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ መዝገብ ብቻውን ግን ደንገል አያበቅልም። የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ በ2002 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ፏፏቴው ሲቀንስ ሁሉም ተናገረ፤ ፏፏቴ ድምፅ አለውና። ደንገል ግን ሲጠፋ አይጮህም።

ቦታውን ማየት የሚፈልግ ሰው በጠዋት ከዓባይ ድልድይ ይጀምር፤ ዕድል ከቀናው ጉማሬ ያያል። ወደ ውሃው ሲወርድ ግን የአካባቢውን ጀልበኛ ይዞ ይሁን። ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ ስለሚወጣ በዳርቻው ማምሸት ጥሩ አይደለም። ፌስታልና የውሃ ላስቲክም ይዞ ይመለስ።

ረግረጉን የሚያይና ለጀልበኛው የሚከፍል እንግዳ ሲኖር፣ የቆመ ደንገል ከታጨደው ይበልጥ ያበላል። ይህ ለገበሬውም ለታንኳ ሠሪውም የሚገባ ሒሳብ ነው። ስለ ፏፏቴው የጻፍነውን ያህል ስለ ደንገሉም እንጻፍ።